ሳይከስር የሚፈርስ ክለብ

በ2011 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ ምድብ ሀ ከተደለደሉት ክለቦች መካከል ደሴ ከተማ፣ ወሎ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ሰበታ ከተማ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ቡራዩ ከተማ፣ ገላን ከተማና አክሱም ከተማ ይገኙ ነበር። ያንን የደረጃ ሰንጠረዥ ዛሬ አውጥቶ ለሚያይ ሰው ነገሩ ያስደነግጣል። ሰበታ በዚያው ዓመት ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ ሦስት የውድድር ዘመን ቆየና በ2014 ወረደ። ለገጣፎ በ2015 ለአንድ ዓመት ብቅ ብሎ ተመለሰ። በእነዚያው ዓመታት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ክለብ ይቀልብ የነበረው ማዘጋጃ ቤት ራሱ ቀረ። አክሱምን ከሜዳ ያስወጣው ጦርነት ነው። የወሎዎቹ ሦስቱ ደግሞ ወጣ ገባ እያሉ ስማቸውን ይዘው እዚህ ደርሰዋል፤ ቢሆንም ደሴ ላይ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አንድ ወጣት አስቁሞ ክለብህ አሁን ስንተኛ ነው ብሎ ቢጠይቁት፣ ከመመለሱ በፊት ስልኩን ያወጣል።

ከእነዚህ ክለቦች ከጠፉት የአንዱም ፍጻሜ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የተጻፈ አይደለም። እኛ አገር የከተማ ክለብ ሲፈርስ ንብረት አጣሪ አይሾምለትም፣ ባለዕዳና ባለመብት አይጠራም፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አይወጣለትም። አንድ የውድድር ዘመን ዕጣ ሲወጣ ስሙ አለመኖሩ ይታያል፤ በቃ። የክለቦቻችን የገንዘብ ውድቀት ከሌላው ዓለም የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የራሱ ገንዘብ ኖሮት የማያውቅ ክለብ መክሰር አይችልም፤ የሚያጋጥመው በጀቱ መቋረጡ ነው። ክለቡ የእኔ ነው ብሎ ሲጮህ የኖረው ደጋፊም በዚያ ሰዓት አቤት የሚልበት ደጅ የለውም፤ ከመጀመሪያውም ክለቡ በወረቀት የእርሱ አልነበረምና።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የደሴ ደጋፊ ከሩቅ መለየት ቀላል ነበር፤ ጠዋት ብርዱን ፈርቶ የለበሰውን ጃኬት ወገቡ ላይ አስሮ ነው ስታዲየም የሚገባው። የኮምቦልቻው ደጋፊ በተራው ደሴ ሆጤ ስታዲየም ሲመጣ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በአንዲት ማሊያ እየተንዘፈዘፈ ይዘምራል። እዚያ የነበረው ፉክክር የአንድ ቤት ልጆች ፉክክር ነው፤ ግማሹ ደሴ ተወልዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ አድጎ ደሴ የሚነግድ። እንዲህ ያለ ጎረቤታም ደርቢ ያላቸው ከተሞች በአገራችን ብዙ አይደሉም። ገንዘብ ማምጣት የነበረበትም እንዲህ ያለው ጨዋታ ነበር፤ ከትኬት የሚሰበሰበው ግን ከዓመታዊው ወጪ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ወጪው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። የትኛውንም ክለብ ነጥዬ አይደለም የምናገረው፤ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ብዙም የማይለያይ አሠራር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የክለቡ ቦርድ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ከንቲባው ወይም ከካቢኔው አንዱ ነው። ክለቡ የሚጠይቀው ገንዘብ ከውኃ፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከኮብልስቶንና ከመምህራን ደመወዝ ጎን ተሰልፎ ምክር ቤት ይቀርባል። የተጠየቀው በሙሉ አይፈቀድም። የዝውውር መስኮቱ ግን የከተማውን ምክር ቤት አይጠብቅም፤ ክረምት ላይ ተጫዋች ይፈረማል፣ ውል ይገባል፣ የተስፋ ቃል ይሰጣል። ቦርዱ «ከዚህም ከዚያም እንሞላዋለን» ብሎ ይገባበታል። እስከ ጥር ድረስ ደመወዝ በሰዓቱ ይከፈላል፤ ከዚያ መንገዳገድ ይጀምራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ምክንያቱ አሠልጣኙ ሳይሆን ተጨማሪ በጀት የሚጠይቀው ደብዳቤ አንድ ቢሮ ውስጥ መቆየቱ ነው።

በዚህ መሀል የሚጎዳውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ከሌላ ክልል የመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ተከላካይ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቷል። የሱቁ ባለቤት የዱቤ ደብተሩ ላይ ስሙን ጽፎለታል፤ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ። ሁለተኛው ወር ላይ ባለሱቁ ራሱ ደጋፊ ስለሆነ ዝም ይላል። አራተኛው ወር ላይ ባለሱቁም የሚከፍለው ዕዳ አለበት። ሰኔ ላይ ልጁ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄድና ለፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያመለክታል፤ ይፈረድለታል። ክለቡ ካልከፈለ ከፌዴሬሽኑ ማንኛውንም አገልግሎት እንዳያገኝ ይታገዳል፤ በቀጣዩ ዓመት ተጫዋች ማስመዝገብ ሲፈልግ የአምናው ዕዳ በር ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዘንድሮ በጀት የመጀመሪያ ሥራው የአምናን ዕዳ መክፈል ይሆናል፤ የዘንድሮው ደመወዝ ደግሞ ለከርሞ ይተላለፋል። ፌዴሬሽኑ ለተጫዋቹ ፈረደ፣ ተጫዋቹም ቆይቶም ቢሆን ያገኛል፤ የባለሱቁን ደብተር ግን የትኛውም ኮሚቴ አያየውም።

መፍትሔ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። በነሐሴ 2011 ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ስምምነቱ ሳይውል ሳያድር በጓሮ በር የሚከፈል ገንዘብ ወሬ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ለክለቦች የወጪ ጣሪያ የሚያበጅ የፋይናንስ መመሪያ አወጣ። ይህኛው የተሻለ አሳብ ነው፤ የአንድን ሰው ደመወዝ ከመለካት የክለቡን ጠቅላላ ኪስ መለካት ይሻላል። ግን ሁለቱም ላይኛውን ቤት ነው የሚያዩት። ከታች ያለው ክለብ ችግሩ ብዙ ማውጣቱ ብቻ አይደለም፤ የፈረመው ውል ላይ ያለው ገንዘብ ፊርማው በተቀመጠበት ቀን በእጁ አለመኖሩ ነው። በጀት ያልተያዘለት ውል እንዳይመዘገብ ማድረግ ከማንኛውም ጣሪያ ይበልጥ በሠራ ነበር።

ከተማ አስተዳደር ካልሆነ ፋብሪካ ይያዘው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ኮምቦልቻ ላይ ሲሆን ደግሞ አሳቡ የሚያጓጓ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ማብቂያ ላይ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ እዚያ ነው። የአገራችን እግር ኳስም ከፋብሪካ ግቢ ብዙ የተጠቀመ ነው፤ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ የሠራተኛ ቡድን ነበር። ያ ዘመን ግን አልፏል። የፋብሪካ ክለብ የሚኖረው ሥራ አስኪያጁ ኳስ የሚወድ እስከሆነ ድረስ ነው። ጎንደር ላይ ዳሽን ቢራ የራሱ ክለብ ነበረው፤ በ2008 ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ፈረሰ። ሽቅብ የመጣው የከተማው ክለብ ፋሲል ከነማ ነበር፤ ቢራ ፋብሪካው ኋላ የእርሱ ስፖንሰር ሆነ፣ ፋሲልም በ2013 ሻምፒዮን ወጣ። ለቢራ ጠማቂ ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ሠላሳ ተጫዋች ከመቅጠር ሌላው በቀጠራቸው ደረት ላይ ስም ማጻፍ ይረክሳል። ንግድ ባንክም በ2009 ሲወርድ የወንዶቹን ቡድን ዘጋ፣ ከዓመታት በኋላ መልሶ አቋቋመ፣ በ2016 የሊጉን ዋንጫ በላ። ሲዘጋም ሲከፈትም ደጋፊ አልተጠየቀም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ነገሩ ትንሽ የሚያስቅ መልክ አለው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ቢራ ከተማዋ ውስጥ ይጠመቃል፣ በስሙ የሚጫወተው ክለብ ግን አዲስ አበባ ነው፤ ከቢራው የሚወጣው የስፖንሰር ብርም መንገዱን ያውቃል።

ሦስተኛው ተስፋ ባለጸጋ ነው። ለዚህ ከወልድያ የበለጠ ምስክር የለም። በጥር 2009 ከተማዋ 25,000 ያህል ሰው የሚይዝ፣ ባለጸጋው ሼህ ሙሐመድ ሑሴን አሊ አል አሙዲ ያሠሩትና በስማቸው የተሰየመ ስታዲየም አስመረቀች፤ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት። ወልድያ በዚያ ዓመት ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ሰው መኪና ኮንትራት ይዞ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ኢትዮጵያ ቡናን ለማየት ይሄድ ነበር፤ ወሎ በአገሩ ትልቅ ጨዋታ የሚያይበት ቤት አገኘ ተባለ። በጥቅምት 2010 ሼኩ ሪያድ ላይ ታሰሩ፤ የተፈቱት በጥር 2011 ነው። ክለቡ በ2010 መጨረሻ ወረደ። ሁለቱን ነገር በአንድ ገመድ አስሮ ይህ ያንን አመጣ ማለት ይቀልላል፤ እኔ አልለውም። በዚያው የውድድር ዘመን በወልድያና በመቀሌ ጨዋታ ሰበብ ከተማዋ ውስጥ የሰው ሕይወት የጠፋበት ብጥብጥ ነበር፤ ሜዳው ላይም የነበረው ሁኔታ ጤነኛ አልነበረም። ነገር ግን የተረፈው ሐቅ ይኼ ነው፤ 25,000 ወንበር አለ፣ ወንበሩን የሚሞላ ሊግ የለም። ሕንፃ የሰጠ ሰው የየወሩን ደመወዝ ለዘላለም ይሰጣል ማለት አይደለም፣ መጠበቅም ተገቢ አይደለም።

ዋንጫ ራሱ ማዳን አለመቻሉን ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር አሳይቷል። በ2010 ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ፤ በአራት ዓመት ውስጥ የደመወዝ ጥያቄ የዘወትር ዜናው ሆኖ በ2014 ከሰበታ ጋር አብሮ ወረደ። ደደቢትም በ2005 ሻምፒዮን የነበረ ነው፤ በ2011 ወረደና ከእይታ ራቀ።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይነሳውን ላንሳ። ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ፤ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ከተማ። ምክንያት ነበረው፤ ኮሮና ነበር፣ ከሱፐር ስፖርት ጋር የተገባው የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ካሜራ የሚችል ሜዳ ይፈልግ ነበር፣ ከዚያ የፀጥታው ችግር መጣ። ከፍተኛ ሊጉም ያንኑ መንገድ ተከተለ። የፕሪሚየር ሊጉ ክለብ ከሜዳው ሲርቅ ቢያንስ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበረው፣ ደጋፊውም በስክሪን ያየዋል። የከፍተኛ ሊጉ ክለብ ግን ከሜዳውም ከስክሪኑም ሳይሆን ቀረ፤ የሆቴልና የምግብ ወጪ ተጨመረበት፣ ትኬቱ ተቀነሰበት። ደርቢውም ሄደ። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ብቻ ተለያይተው ሳለ፣ እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ ከሁለቱም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ባዶ ወንበር ፊት ሊደረግ ይችላል፤ ውጤቱን የደሴ ሰው የሚያውቀው በቴሌግራም ነው።

የገንዘቡን ጉዳት ሁሉም ይቆጥረዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልማዱ ነው። ደጋፊነት በየአሥራ አምስት ቀኑ እግር የሚወስድበት ነገር ነው፤ የታወቀ በር፣ የታወቀ ጥግ፣ ለውዝ የምትሸጠው የታወቀች ሴት፣ ዳኛውን ሁልጊዜ በስሙ ጠርቶ የሚሳደብ የታወቀ ሽማግሌ። ይህ ለሁለት ሦስት ዓመት ሲቋረጥ አዋቂው ይናፍቃል፤ ሕፃኑ ግን አይናፍቅም፣ መጀመሪያም አላየውማ። አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሆጤ ያልገባ ልጅ የደሴ ከተማን ማሊያ ቢያይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስፖርት ቡድን ይመስለዋል።

ያ ልጅ ኳስ አልጠላም። ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ የዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ የቆመውን ጥቁር ሰሌዳ ማየት ይበቃል፤ በጠመኔ አርሴናል፣ ማንቸስተር፣ ሊቨርፑል ከነሰዓቱ ተጽፏል። ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ለመግቢያ ከፍሎ፣ ለሻይ ከፍሎ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ተሰዳድቦ ይወጣል። ከዚያ ጎን ውርርድ ቤት አለ። ሊጋችን ራሱ ለጥቂት ዓመታት የውርርድ ድርጅት ስም ይዞ ቤትኪንግ ፕሪሚየር ሊግ ይባል ነበር፤ የደሴ ወጣት ግን ብሩን የሚያስይዘው እንግሊዝ ላይ ነው። የኳስ ገንዘብ ደሴ ውስጥ የለም የሚለው ስለዚህ እውነት አይደለም። አለ፤ በየሳምንቱ ከኪስ ይወጣል። ከተማው ክለብ ጋ የሚደርስበት ቀዳዳ ነው የሌለው። እንግሊዝ ያለ ክለብ ከደሴ ደጋፊ ገንዘብ መሰብሰቢያ መንገድ አለው፣ ደሴ ያለው ክለብ የለውም።

የሰሜኑን ጦርነት ዘልሎ ስለ ወሎ ክለቦች መጻፍ አይቻልም። ከጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ፋብሪካ ተዘረፈ፣ መጋዘን ተዘረፈ፣ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። ከዚያ በኋላ የከተማ አስተዳደር ከሆስፒታል በፊት ለኳስ ተጫዋች ይክፈል የሚል ሰው ቢኖር የሚሰማው አልነበረም፤ መስማትም አይገባም ነበር። ገና ያ ሳይሽር ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱን አከበደው። እንኳን ቡድንና ደጋፊ፣ ሸቀጥም ሰዓቱን ጠብቆ አይደርስም። ይህን ሁሉ አውቄም ግን ጦርነቱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አልፈልግም። ሰበታና ጅማ በ2014 ጦር አልደረሰባቸውም፤ በአንድ በጀት ላይ ተንጠልጥለው ነበር የወደቁት። ጦርነቱ ወሎ ላይ ያደረገው የቆየውን ስንጥቅ ማስፋት ነው።

እንግሊዝ ሰሜን ውስጥ ቤሪ የሚባል ክለብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ተመሥርቶ የኤፍኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ የወሰደ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ ከሊጉ ተባረረ። የመጨረሻው ቀን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች መጥረጊያ ይዘው ስታዲየም መጡ፤ ገዢ ይገኛል፣ ጨዋታ ይኖራል ብለው ወንበር ሲያጸዱ ዋሉ። ገዢው አልመጣም። ከዚያ ግን ደጋፊዎቹ ተደራጁ፣ ገንዘብ አሰባሰቡ፣ ስታዲየሙ ተገዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው ሜዳ ላይ መጫወት ጀመሩ። እንግሊዞቹ ከእኛ የበለጠ ኳስ ወደዱ ለማለት አይደለም ይህን ያነሳሁት። ክለቡ ሲወድቅ የሚገዛ ነገር ነበረ፤ ስም፣ ሜዳ፣ መዝገብ። ደሴ ከተማ ነገ ቢፈርስ ደጋፊው ተሰብስቦ ምኑን ይገዛል? ስሙ የከተማው ነው፣ ሜዳው የከተማው ነው፣ የተጫዋቾቹ ውል ሰኔ ላይ ያልቃል።

ደጋፊ ማኅበሮቻችን ደካሞች አይደሉም፤ የተሰጣቸው ሥራ ነው ደካማ። ማሊያ ይሸጣሉ፣ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ከበሮ ይገዛሉ፣ ተጫዋች ሲታመም ያዋጣሉ፣ ቡድኑ ሲቸገር ገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ይቆማሉ። ደሴ ዕድርና ቅሬ የማታውቅ ከተማ አይደለችም፤ ወር በወር አዋጥቶ፣ ሒሳብ ተሳስቦ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ መኖር የተለመደ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ያንን የሚችል ሕዝብ ክለብ ላይ ሲደርስ ለምን አጨብጫቢ ብቻ ይሆናል? መልሱ ቀላል ነው፤ ያዋጣው ብር የት እንደገባ የሚጠይቅበት ወንበር የለውም። ለዕድር የሚያዋጣ ሰው ድንኳኑን በዓይኑ ያየዋል። ለክለብ ያዋጣው ደግሞ የማን የፊርማ ገንዘብ እንደሆነ አያውቅም።

የፊርማ ገንዘብ ካልኩ አይቀር፣ ሌላም ነገር አለ። ሆጤ አካባቢና ኮምቦልቻ ሜዳዎች ላይ ክረምት ሲገባ የሰፈር ቡድኖች የሚያደርጉት ውድድር ሁልጊዜ ሰው ሞልቶ ነው፤ ያለ በጀት፣ በመዋጮ ዋንጫ። ወንድሙ፣ የአክስቱ ልጅ፣ የሰፈሩ ልጅ ስለሚጫወት ነው ሰው የሚመጣው። የከተማው ክለብ ግን በየዓመቱ ግማሽ ቡድኑን አሰናብቶ፣ ከሌላ ክለብ የተሰናበቱ ግማሽ ደርዘን አንጋፋዎችን በአንድ ዓመት ውል አስፈርሞ ይመጣል፤ ላለመውረድ ወይም ለማደግ። ደጋፊው ስማቸውን ለምዶ ሳይጨርስ ይሄዳሉ። ይህ ዓይነት ግዢ ከሁሉ ውድ ሆኖ ከሁሉ ያነሰ ፍቅር የሚያመጣ ነው። በሁለቱ ከተሞች ልጆች የተሞላ ቡድን አንድ ሊግ ዝቅ ብሎ ቢጫወት እንኳ፣ ሐረጎን የሚወጣና የሚወርድ ሚኒባስ ይሞላል ብዬ አምናለሁ። ማደግን የሙጥኝ ያለ የቦርድ ሰብሳቢ ይህን መስማት እንደማይፈልግም አውቃለሁ፤ የእርሱ ሥልጣን ሁለት ዓመት ነው፣ የልጆቹ ብስለት አምስት።

ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሁለቱ የከተማ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ ከደጋፊው በኩል መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ስንት ጨመራችሁ?» የሚለው አይመስለኝም። የአምና የደመወዝ ዕዳ ስንት ነው? የትኛው ውል በየትኛው ገንዘብ ነው የተፈረመው? በቦርዱ ውስጥ በደጋፊው የተመረጠ፣ ከንቲባው ሲቀየር አብሮ የማይቀየር ስንት ሰው አለ? ሦስቱም በአንድ ገጽ የሚመለሱ ናቸው፤ ገጹን ስታዲየሙ በር ላይ መለጠፍ ደግሞ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።